ሱዶው ይሥራ፣ ኢንተርኔቱ ይዘጋ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ፎቶ የለውም፣ ቪዲዮ የለውም፣ ዳታ አይበላም። ዳታ አለመብላቱ ራሱ የጽሑፉ ርእስ ነው ማለት ይቻላል።

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ አይሲቲ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ላብ ውስጥ በደንብ የሚሠራ ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ወይ ሞኒተር የላቸውም፣ ወይ ሲነሱ እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጫሉ። በዚያች በአንዷ ሊኑክስ ጭኜ ስድስት የክበብ ልጆች በየተራ ይለማመዱባት ነበር። ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልነበረውም። ኢንተርኔቱ የኔ ስልክ ነው። በዩኤስቢ ገመድ ሰክቼው፣ ከደሞዜ በገዛሁት ጥቅል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የ1 ጊጋ የሳምንት ጥቅል ገዛሁ። ሐሳቤ ለ12ኛ ክፍል ልጆች የድሮ የፈተና ጥያቄዎችና ጥቂት አጫጭር የፊዚክስ ቪዲዮዎች ማውረድ ነበር። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ስለሆነ ማውረዱን አስጀምሬ ክፍል ገባሁ። 4 ሰዓት ላይ ስመለስ ስልኬ ላይ ጥቅሉ አልቋል የሚል መልእክት አለ። ከወረዱት ፋይሎች ደግሞ ሦስተኛው ላይ ቆሟል። ኮምፒውተሯ ፊት ከክበቡ ልጆች አንዱ ተቀምጧል።

ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ይህንንም ሳያነብ አይቀርም።

ምንም አልጠየቅኩትም። ቀጥሎ የነበረኝ ክፍለ ጊዜ የእነሱ ክፍል ነበር። ስልሳ ምናምን ተማሪ ፊት አስነስቼ «የሰው ገንዘብ እንዲህ ይበላል?» አልኩት። «ቲቸር፣ እኔ ተርሚናል ላይ ብቻ ነበርኩ» አለ። «ተርሚናል ኢንተርኔት አይበላም ያለህ ማነው?» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እሱ ተቀመጠ። በዚያ ቀን ድጋሚ አልተናገረም።

ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ መዝገቡን ከፍቼ አየሁ። ልጁ እውነቱን ነበር። ኮምፒውተሯ ለወራት ኢንተርኔት ሳታገኝ ቆይታ ስልኬን እንዳየች፣ ራሱን በራሱ የሚያዘምን አገልግሎት ከጀርባ ተነስቶ ያመለጠውን ሁሉ ሲያግበሰብስ ነበር። ሰዓቱ ተጽፏል፣ የወረደው ነገር ተዘርዝሯል። ልጁ የጻፋቸው ትእዛዞችም ተርሚናሉ ውስጥ አሉ፤ ፎልደር መፍጠር፣ ፈቃድ መቀየር፣ አዲስ ተጠቃሚ መጨመር። ያስተማርኩትን ነበር ሲለማመድ የቆየው።

በማግስቱ ኮሪደር ላይ ጠርቼው «ይቅርታ፣ አንተ አልነበርክም» አልኩት። «ችግር የለም ቲቸር» ብሎ ሄደ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ማዘመኛውን ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያኑ ቀን ማታ አጠፋሁት። ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ነገ ሌላ ፕሮግራም ተነስቶ ያንኑ ቢያደርግስ? ልጆቹ ሳያስቡት አንድ ትእዛዝ ቢነኩስ? የምፈልገው ግልጽ ነው። የኔ ማውረጃ ኢንተርኔት ያግኝ፤ ልጆቹ የሚሠሩበት ተርሚናልና ከውስጡ የሚነሳ ማንኛውም ፕሮግራም ግን እንዳያገኝ። «ገመዱን አትነቅለውም?» እንዳትሉኝ፣ ማውረዱ ሰዓታት ይፈጃል፣ ኮምፒውተሯ አንድ ናት።

አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ አለ። ሱዶ መሥራት አለበት። ለማታውቁት፣ ሱዶ ማለት ተራ ተጠቃሚ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ለአንድ ትእዛዝ ያህል የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን፣ ሩት የሚባለውን፣ የሚይዝበት ፕሮግራም ነው። በ1980 አሜሪካ ቡፋሎ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ነው የተጻፈው፤ ከኔ በዕድሜ ይበልጣል። የክበቡ ትምህርት ግማሹ ሱዶ ነው። ተጠቃሚ መጨመር፣ አገልግሎት ማስነሳት፣ ከፍላሽ ላይ ፕሮግራም መጫን ያለሱ አይሆንም።

እንግዲህ ኢንተርኔቱ ይዘጋ፣ ሱዶው ይሥራ። ቀላል መስሎኝ ነበር። (ትእዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ስልኬ ላይ ኪቦርድ መቀያየር ሰልችቶኛል።)

መጀመሪያ ፋየርጄይልን ሞከርኩ። ፕሮግራሙን «ኔት ኢኩዋል ነን» ብለህ ስታስነሳው ኢንተርኔቱ ድርግም ይላል። ደስ አለኝ። ቀጥዬ ሱዶ አልኩ። «አዲስ ሥልጣን እንዳይሰጥ የሚል ምልክት ስላለ ሩት ሆኜ መሥራት አልችልም» አለኝ። ይህ ምልክት ሊኑክስ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው። አንድ ፕሮግራም ላይ አንዴ ከተደረገ አይነሳም። ከእሱ ለሚወለዱትም፣ ከእነሱ ለሚወለዱትም ይተላለፋል። ግዝት ነው በቃ፣ እስከ ልጅ ልጅ።

ቀጥዬ አንሼር የሚባለውን ያዝኩ። ይሄ ከሩት ፈቃድ ሳትጠይቅ ለራስህ ትንሽ ዓለም ትፈጥራለህ፤ በዚያ ዓለም ውስጥ የኔትወርክ ካርድ የለም፣ አንተ ደግሞ ሩት ነህ። «ማነኝ?» ብለህ ስትጠይቀው «ሩት» ይልሃል። አቤት ደስታ! ሱዶ ስል ግን ፋይሎቼ የ65534 ናቸው፣ የ0 መሆን ነበረባቸው ብሎ አኮረፈ። 0 የሩት ቁጥር ነው፤ 65534 ደግሞ «ማንም ያልሆነ» የሚባለው ሰውዬ ቁጥር ነው። እኔ በትንሿ ዓለሜ ሩት ስሆን እውነተኛው ሩት «ማንም» ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ልጅ ሆነን እቃቃ ስንጫወት አንዷ እናት፣ አንዱ አባት ይሆን የለ? እዚያው ጓሮ ውስጥ አባትነቱ እውነት ነው፤ ቤት ያዛል፣ ልጅ ይቆጣል። አጥሩን ተሻግሮ ሱቅ ሄዶ በዱቤ ስጠኝ ቢል ግን ባለሱቁ ይስቅበታል። አንሼር የሰጠኝ የእቃቃ ሩትነት ነው።

ሁለት ማታ በዚህ ተናድጄ ካሳለፍኩ በኋላ ነው ቆም ብዬ «ለምን?» ያልኩት። ይህን ባላስተምር ይቆጨኝ ነበር፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ሱዶ ሥልጣኑን የሚያገኘው ፋይሉ ላይ ካለች አንዲት ምልክት ነው። ምልክቷ «ይህን ፕሮግራም ማንም ያስነሳው ማን፣ የሚሠራው በባለቤቱ ሥልጣን ነው» ትላለች። ባለቤቱ ሩት ነው። ሐሳቡ የዴኒስ ሪቺ ነው፤ በ1979 የፈጠራ ባለቤትነት ተሰጥቶታል። ውክልና ማለት ነው። ሩት ለሱዶ ውክልና ጽፎለታል፣ ሱዶም መጀመሪያ ማንነትህን አጣርቶ በሩት ስም ይፈርማል። አሁን አስቡት፤ ወኪሉ ሊፈርም ሲመጣ እኔ ተራው ሰውዬ ቢሮውን ቀድሜ ብቀይርበትስ? መዝገቡን በሐሰተኛ መዝገብ፣ ስልኩን በተቆረጠ ስልክ ብተካበትስ? ወኪሉ እኔ ያዘጋጀሁትን አይቶ በሩት ስም ይፈርማል። የሊኑክስ ሰዎች ይህን ስላሰቡ ደንቡን እንዲህ አደረጉት። ተራ ተጠቃሚ ሆነህ በራስህ ፈቃድ ዙሪያህን ከቀየርክ ወይ ውክልናው ይሻራል፣ ወይ ሩትነትህ የእቃቃ ይሆናል። ዙሪያህን ራሱ ሩት ከቀየረልህ ግን ምንም አይሻርም፤ ባለቤቱ ነዋ።

ይህ እስኪገባኝ ድረስ ፕሮግራሞቹ የተበላሹ መስሎኝ ስሰድባቸው ነበር። ሰው እንደ ሰደብኩት።

ያም ሆኖ ቀጥታ ወደ መልሱ አልሄድኩም። መሀል ላይ አንድ አቋራጭ አየሁ። «ኢንተርኔት የለሽ» የሚል የተጠቃሚዎች ቡድን ትፈጥራለህ፤ በአይፒቴብልስ ከዚህ ቡድን የሚወጣ ማንኛውም መልእክት ይጣል ትላለህ፤ የልጆቹን ተርሚናል ኤስጂ በሚባል ትእዛዝ በዚያ ቡድን ስም ታስነሳለህ። (ለአይፒ ቨርዥን 6 ለብቻው መዝጋት አትርሱ፤ እኔ ረስቼ ነበር።) ምንም ዓይነት አዲስ ዓለም ስለሌለው ሱዶም ይሠራል። ሞከርኩት። አሳሽ ከተርሚናሉ ሳስነሳ አይከፍትም። ሱዶ ስለው ተጠቃሚ ይጨምራል። በቃ ጨረስኩ ብዬ አዲስ ጥቅል ገዛሁ፣ ስልኬን ሰካሁ፣ ማውረዱን አስጀመርኩ፣ ልጆቹን ጠራሁ።

ተራው የዚያ ልጅ ነበር። እኔ የተማሪ ደብተር እያረምኩ ነው። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣

«ቲቸር! ዳታዎት እየሄደ ነው!»

ስሮጥ ደረስኩ። ጣቱ ኮንትሮል ሲ ላይ እንደተጫነ ነው። ያደረገው ነገር በማስታወሻው ላይ ባለው ቅደም ተከተል ሱዶ አፕት አፕዴት ማለት ብቻ ነው። «አይሠራም ብለውን ስለነበር ስህተት ይላል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ መስመሩ ሲወርድ ሳየው አቆምኩት» አለኝ። ወዲያው ደግሞ «እኔ አይደለሁም፣ እዩት» ብሎ ስክሪኑን ወደኔ አዞረልኝ።

ያቺ «እዩት» ምን እንዳደረገችኝ ልነግራችሁ አልችልም። ልጁ ማስረጃ ይዞ መጠበቅን ከኔ ነው የተማረው።

ቀዳዳው የት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ኬላው የሚያየው የቡድኑን ስም ነው። ሱዶ ደግሞ ሰውዬውን ሩት ሲያደርገው ቡድኑንም ወደ ሩት ቡድን ይቀይረዋል። የተከለከለው ሰው ልብስ ቀይሮ በዚያው በር ወጣ፣ ዘበኛው የሚያውቀው ልብሱን ነበር። ሱዶው ይሥራ ብዬ ያስቀረሁት ነገር ራሱ መውጫው ሆነ። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ይበቃው ይሆናል፤ የሚፈልገው ተራው ፕሮግራም እንዳይወጣ፣ ሱዶ የተባለው ግን እንዲወጣ ከሆነ ቡድኑ ጥሩ መንገድ ነው። ለኔ ግን አልሆነም።

ልጁን «ቁጭ በል፣ አብረን እንፍታው» አልኩት። የሚቀጥለው ሥራ የኔ ብቻ አይደለም።

መጨረሻ ላይ የሠራው ይህ ነው። መጀመሪያ ሩት ሆነህ ባዶ የኔትወርክ ክልል ትፈጥራለህ፤ ሱዶ አይፒ ኔትኤንኤስ አድ፣ ከዚያ ስም። እኛ «ዝግ» አልነው። ቀጥሎ ሩት እንደሆንክ ወደ ዝግ ትገባለህ፣ እዚያ ውስጥ ሆነህ ሥልጣንህን ትጥላለህ፤ ሱዶ አይፒ ኔትኤንኤስ ኤግዜክ ዝግ፣ ከዚያ ሱዶ ሰረዝ ዩ የተማሪው ስም ባሽ። ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ። ባለሥልጣኑ ራሱ አጥሩን ሠርቶ፣ ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ ተራ ሰው ሆነ። ተራ ሰው ሆኖ የቀየረው ነገር ስለሌለ ግዝትም የለበትም፣ እቃቃም አይደለም። ውስጥ ሆኖ ሱዶ ሲል እውነተኛ ሩት ይሆናል። ሩት ሆኖም ግን ያለው ዝግ ውስጥ ነው፤ ክልሉ ከወላጅ ፕሮግራም ወደ ልጅ ስለሚወረስ ሱዶ አፕት አፕዴት ሲል የሚያገኘው ግድግዳ ነው። ኬላው አሁን የሚያየው ልብስ የለም፣ መንገዱ ራሱ የለምና።

ሁለት ነገር አስቸገረን። ባዶው ክልል በእርግጥም ባዶ ነው፤ ኮምፒውተሯ ከራሷ ጋር የምታወራበት ሎ የሚባለው መስመር እንኳ ተኝቷል። ልጆቹ የሠሩትን ድረ ገጽ እዚያው በ127.0.0.1 ሊያዩ ሲሉ ኔትወርክ የለም አላቸው። ሎን አፕ ማለት በአንድ ትእዛዝ አለቀ። እንዲያም ሆኖ ውጪ ያለው አሳሽ ውስጥ ያለውን ገጽ አያየውም፣ የሁለቱ ሎ የተለያየ ነው፤ ስለዚህ በከርል ውስጥ ሆነው እንዲያዩት አደረግን። ሁለተኛው ደግሞ አይፒ ኔትኤንኤስ ኤግዜክ የዲስክ ማያያዣውንም ለብቻው ስለሚያደርገው፣ ውስጥ ሆነው በትእዛዝ ያያያዙት ፍላሽ ውጪ አይታይም። ይህን ሳናውቅ ደህናውን ፍላሽ «ተበላሽቷል» ብለን ልንጥለው ነበር።

ከሳምንት በኋላ ልጁ መጣ። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ውስጥ ሆኜ ሩት ከሆንኩ፣ ሩት የሠራውን አጥር ሩት አያፈርሰውም?»

እንዴት እንዳሰበው እንጃ። ያፈርሰዋል። ኤንኤስኢንተር የሚባል ትእዛዝ አለ። ሩት የሆነ ሰው የኮምፒውተሯን የመጀመሪያ ሂደት፣ ቁጥር 1ን ይዞ ወደ እሱ ኔትወርክ ግባ ቢለው ይገባል። አንድ መስመር ናት። ደግሞ ሌላም አለ። ስናፕም ዶከርም ትእዛዙን የሚቀበሉት ተርሚናሉ ውስጥ ቢሆንም፣ ማውረዱን የሚሠራው ውጪ የተቀመጠ አገልግሎት ነው። መልእክቱ የሚያልፈው በፋይል በኩል እንጂ በኔትወርክ ስላልሆነ አጥሩ አያግደውም። እስር ቤት ያለ ሰው በመስኮት ውጪ ያለውን ወንድሙን «ገበያ ሂድልኝ» እንደማለት ነው። እሱ አልወጣም፣ ዕቃው ግን መጣ።

እነዚህንም መዝጋት ይቻላል። ሱዶን በተወሰኑ ትእዛዞች ብቻ መወሰን አለ። አንድ ቀን ሙሉ ዝርዝሩን ሳዘጋጅ ዋልኩ። ቪአይ የሚባለውን የጽሑፍ ማረሚያ በዝርዝሩ አስገባሁ፤ ከቪአይ ውስጥ ሆኖ ሙሉ ሼል መክፈት እንደሚቻል ትዝ ሲለኝ አወጣሁት። ሌላውን ሳይ እሱም መውጫ አለው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ባልደረባዬ (ዲግሪ ያለው፣ እኔ በዲፕሎማ የቀረሁ መሆኔን ሻይ ላይ ማስታወስ የሚወድ) «ሱዶውን ንጠቃቸውና ተገላገል» አለኝ። ልክ ነው፣ ያኔ አጥሩ ይጸናል። ግን ምን ላስተምር?

ዝርዝሩን ቀደድኩት። ለልጁ የመለስኩለት ይህን ነው፣ «አጥሩ የተሠራው ለፕሮግራም ነው፤ ሳያውቅ ለሚወጣ፣ ከጀርባ ተነስቶ ለሚያግበሰብስ። አውቆ ለሚወጣ ሰው አልተሠራም። ኤንኤስኢንተር ብሎ የጻፈ ሰው ተሳስቶ አይጽፍም።» «እና እኛስ?» አለኝ። «እናንተን አምኛለሁ» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ያ አስተያየት «መቼ ጀመሩ?» የሚል ነበር፤ አፍ አውጥቶ አላለኝም እንጂ።

ለስድስቱም ልጆች ኤንኤስኢንተርን በሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተማርኳቸው። መውጫውን ራሴ አሳየኋቸው። በዚያ ዓመት የገዛሁት ጥቅል ላልታሰበበት ነገር የሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ራሴ ኳስ ሳይ ነው።

አሁን ወደ ኮሪደሩ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት ያ ልጅ ጻፈልኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ነው የሚሠራው። አዲስ የመጣ ፕሮግራም ኢንተርኔት ሳያገኝ በሱዶ መሞከር ፈልገው ሲቸገሩ፣ «ዝግ» ብሎ ክልል ፈጥሮ አሳያቸው። ስሙን ለምን በአማርኛ እንዳደረገው ጠየቁትና ሳቀ። «ትዝ ይልዎታል ቲቸር?» ይላል መልእክቱ። ስለዚያ ሰኞ አንድ ቃል የለውም።

ሳነበው ያስታወስኩት ግን ያንን ሰኞ ነው። አስነስቼ ያዋረድኩት ስልሳ ሰው ፊት ነበር፤ ይቅርታ ያልኩት ኮሪደር ላይ፣ ማንም በሌለበት፣ በሦስት ቃል ነው። ያ ክፍል እስኪመረቅ ድረስ ልጁን «ዳታ» እያሉ ይጠሩት ነበር። እሰማለሁ፣ ግን አላረምኩም።

የዚያ ክፍል ልጆች ብዙዎቻችሁ እዚህ ወዳጅነት ውስጥ አላችሁ። ዳታውን የበላው እሱ አልነበረም። መዝገቡን ያንኑ ቀን ማታ አይቼ አውቄ ነበር፤ በማግስቱ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር፣ አልነገርኳችሁም። ሁለተኛውን ጥቅል ያዳነልኝም እሱ ነው። አንተም ወንድሜ፣ በስልሳው ፊት ይቅርታ አድርግልኝ።

ትእዛዞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እልካለሁ። ማታ ማታ ነው ዳታ የማበራው።